ዘጠነኛው ሯጭ የሚተነፍሰው

ሥራዬ ሰው ማስነፋት ነው። በደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ማዶ ባለው የአየር አዳራሽ፣ በውጭው በርና በውስጠኛው በር መካከል አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ እዚያ ወንበር፣ ጠረጴዛና የመንፊያ ቱቦ ይዤ እቀመጣለሁ። ሯጭ ሲገባ ይነፋል። ሮጦ ሲወጣ ስምንት ደቂቃ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና እንደገና ይነፋል። ሁለተኛው ትንፋሽ ከመጀመሪያው አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሰ መብራቱ ቀይ ይሆናል፣ ካልቀነሰ አረንጓዴ። በየቀኑ የሚነፋው ለእኔ ደብተር ነው። በወር አንድ ሐሙስ ግን የልኬት ቀን ነው፤ ያን ቀን ቁልፍ እጫንና ውጤቱ መዝገብ ይገባል። አንዴ ከተጫንኩት በኋላ ለምኖም አልቅሶም ያስለወጠ ሰው የለም።

ስሜ ሶልያና ነው። የአሮጊት ስም መሆኑን አውቃለሁ። በ2010 ስወለድ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ከአንድ ክፍል አምስታችን ሶልያና ነበርን። አሁን ጥንት የቀረው ስም ተመልሶ ፋሽን ሆኗል፤ ሯጮቼ እነታንጉት፣ እነወንዳፍራሽ ናቸው፣ «እትዬ ሶልያና» ብለው ሲጠሩኝ ሳቅ ሳቅ ይላቸዋል። ይሳቁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፣ ነገር ማነፍነፍ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የማይለቀኝ አመል ነው።

ውጭ መሮጥን የከለከለ ሕግ የለም፤ የማያስሮጠው የዕለቱን አየር ንጽሕና የሚናገረው ባንዲራ ነው። ጠዋት ጠዋት በየቀበሌው ጣሪያ ላይ ይሰቀላል። አረንጓዴ ከሆነ ልጆች ሜዳ ይወጣሉ፣ ቢጫ ከሆነ በእርምጃ ብቻ፣ ቡኒ ከሆነ መስኮት ይዘጋል፣ ሰውም ደጅ ቆሞ ረጅም ወሬ አያወራም። አምና ቡኒው ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ቀን ተሰቅሎ ውሏል። ሰርግ ቡኒ ቀን ላይ ከዋለ ድንኳኑ ውስጥ ማጣሪያ ይተከላል፣ እስክስታው በሦስት በሦስት ደቂቃ ይቋረጣል፤ ከሚዜዎቹ መካከል የአንዱ ሥራ ሰዓት መያዝ ነው። እንዲያም ሆኖ ተለምዷል፣ ሰዓት ያዡን የሚሳደብ ሰካራም ብቻ ነው።

ሯጭ ግን ሦስት ደቂቃ ዘሎ አይቀመጥም። ስለዚህ አዳራሽ ተሠራለት፤ መሙ አራት መቶ ሜትር ነው፣ ከላይ ጣሪያ አለው፣ ከግድግዳው ደግሞ የተጣራ አየር የሚነፉ አፎች ወጥተዋል። አየሩ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ደረቅ ነው። ከዚህ ውጭ የተሮጠ ሰዓት የትም አይቆጠርም።

ታንጉት ከመንዝ የመጣች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፣ አምስት ሺህ ሜትር ትሮጣለች። ድምፅዋን ለመስማት ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ሳል ያዛት። እየሮጠች ሳለ ምንም የላትም። የሚነሳባት ካቆመች በኋላ ነው፤ አምስተኛው ስድስተኛው ደቂቃ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ደረቷ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል። የቡድኑ ሐኪም ሩጫ የሚቀሰቅሰው አስም ነው አለና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ፓፍ፣ አዘዘላት። ማንንም አልገረመም፤ እዚህ ከአምስት ሯጭ የአንዱ ኪስ ውስጥ ፓፍ አይጠፋም። በልኬት ቀን ግን ከመንፋት በፊት ፓፍ መውሰድ አይፈቀድም። በጥቅምቱ ልኬት ቀይ አገኘች። በኅዳሩም ደገማት። ሦስተኛ ቀይ ያገኘ ሯጭ ለሁለት ዓመት ከየትኛውም አዳራሽ ይታገዳል፤ መመሪያው ላይ «የሳንባ ዕረፍት» ይባላል። ከዚያ ዕረፍት ተመልሶ የሮጠ ሰው እስከ ዛሬ በእኔ በር አልገባም። የታኅሣሡ ልኬት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ታንጉት የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተበላሽቶ አንድ ሰዓት ዘገየች። ቡድኑ ጨርሶ ሲወጣ እሷ ገባች። ብቻዋን ሮጠች፣ ያንኑ ርቀት፣ በዚያው ፍጥነት። ወጥታ ስምንት ደቂቃዋን ጠበቀችና ነፋች። የቀነሰው ሁለት በመቶ ነበር። ቱቦው ተበላሽቷል ብዬ ቀየርኩት፣ እንደገና አስነፋኋት። ሁለት።

«እትዬ፣ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ምንም። ሂጂ ልብስሽን ቀይሪ።»

እናቴ ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ትል ነበር። ደብተሬን ገለጥኩት። ይህ ቡድን ዘጠኝ ሰው ነው፣ የሚሮጠውም በአንድ መስመር ነው፤ አንዱ የአንዱን ተረከዝ እያየ፣ የፊተኛው እግር በተነሳበት የኋለኛው እግር እያረፈ። እግር መያዝ ይሉታል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው በእነሱ ዘንድ እንደ ኩሩ ነው የሚታየው። ሲወጡም በዚያው ተራ ነው የሚወጡት፣ በዚያው ተራ ይቀመጣሉ፣ በዚያው ተራ ይነፋሉ። ስለዚህ እኔ ሳላስበው የአራት ወር ተራቸውን ጽፌዋለሁ። ጣቴን ከላይ ወደ ታች ሳወርደው ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሰው አንድ ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ሁለት፣ አምስተኛው አራት፣ ስምንተኛው ስምንት። ዘጠነኛዋ ታንጉት ናት። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።

በማግስቱ ከመግባቷ በፊት ያዝኳት።

«ሁልጊዜ መጨረሻ ነሽ እንዴ?»

«ከነሐሴ ወዲህ ነው። በፊት ሦስተኛ ነበርኩ።»

«ማነው ኋላ ያደረገሽ?»

«ወንዳፍራሽ» አለች። «ሳሉ ሲጀምረኝ ነፋሱ እንዳያገኘኝ ብሎ።»

ወንዳፍራሽ የመስመሩ መሪ ነው። የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ነገሩ ቀስ ያለ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ፊት የሚሮጥ ሰው ከግድግዳ የሚነፋውን ቀዝቃዛ አየር በደረቱ ይቀበላል፣ የኋለኞቹ በእሱ ጀርባ ይከለላሉ። ከሁሉ የተከለለው ቦታ የመጨረሻው ነው፤ ጉንፋን ለያዘው፣ ከጉዳት ለተመለሰ፣ ለደከመው ይለቀቃል፣ ለታመመ ሰው ግድግዳ ጥግ ያለውን መደብ እንደመልቀቅ ማለት ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሳል እንደሚቀሰቅስ ሐኪሙም ይናገራል፣ እውነትም ነው። ታንጉት ስታስል ኋላ አደረጓት። ሳሉ ሲብስባት እነሱም ይበልጥ ጠጋ ጠጋ ብለው ከለሏት።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ቁጥሩ ነው። ነፋስ ቢሆን ኖሮ የሚጎዳው ፊተኛውን ነበር። አዳራሹ መካከል ጣሪያው ላይ የአየር መለኪያ ተሰቅሏል፤ ቀንም ማታም አራት ይላል፣ አራት ማለት የጓሳ ተራራ አናት አየር እንኳ የማይበልጠው ንጹሕ አየር ማለት ነው። መለኪያው ይዋሻል አላልኩም። ነገር ግን የተሰቀለው ከአራት ሰው ቁመት በላይ ነው፣ የሰው አፍንጫ ደግሞ እዚያ የለም።

ከመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ነጭ ፋሻ አወጣሁ። ዘጠኝ ቦታ ቆረጥኩና በውኃ አርሼ ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩላቸው።

«እትዬ ሶልያና፣ ቁስላችን የቱ ጋ ነው?» አለ ከመካከላቸው አንዱ። የቀሩት ሳቁ።

«አፍህ ላይ ነበር፣ ፋሻው አልበቃ አለኝ» አልኩት።

አርባ ደቂቃ ሮጠው ወጡ። ፋሻውን እየፈታሁ ጠረጴዛዬ ላይ በተራ ደረደርኩት። የመጀመሪያው ነጭ ነው። አራተኛው አመድ የነካው ይመስላል። ዘጠነኛው የድስት ቂጥ የጠረጉበት ጨርቅ ሆኗል። በጣቴ አሸት አድርጌ አሸተትኩት። ጎማ ጎማ ይላል።

ወለሉን ያኔ ነው ያየሁት። ስድስት ዓመት በየቀኑ በውስጠኛው በር መስታወት አየዋለሁ፣ ግን አላየሁትም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ የተነጠፈ ነው፤ ሲመረቅ ለጉልበት ይለሰልሳል ተብሎ ተጨብጭቦለታል፣ ለጉልበትማ ይለሰልሳል። እያንዳንዱ ተረከዝ ትንሽ ትንሽ ብናኝ ያስነሳል። ያቺን ትንሽ የሚስባት ከኋላ ያለው ነው፣ እሱም በተራው ሌላ ያስነሳል። ዘጠነኛው ሰው የስምንት ሰው ተረከዝ ይተነፍሳል።

ፋሻዎቹን በትሪ አድርጌ ለአሰልጣኝ ኬብሮን አሳየሁት። ኬብሮን እኩያዬ ነው፣ አብረን አርጅተናል።

«ሶልዬ፣ አላርፍ ያለች ጣት…» አለኝ።

«ጨርሰዋ።»

«ልጆቹ ይሰሙናል፣ አልጨርሰውም።» ይህን ይበል እንጂ ዘጠነኛውን ፋሻ ከእጁ አላወረደውም። ይዞት ወደ አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ መለኪያው አራት ነው የሚለው አለ። ፋሻ የመለኪያ መሣሪያ አይደለም አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የመመሪያውን ገጽ አውጥቶ ሰጠው። ገጹ እንዲህ ይላል፦ አንድ ሯጭ ያገኘው ቀይ የሚሰረዘው፣ ዓመቱን ሙሉ ንጹሕ መዝገብ ያለው ሌላ ሯጭ በዚያው ቦታ ሮጦ በልኬት ቀን ቀይ ካገኘ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሳንባ ሳይሆን የአዳራሹ ይሆናል።

ከዘጠኙ ንጹሕ መዝገብ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ወንዳፍራሽ፤ የቀሩት ከታንጉት በፊት በየተራ ኋላ ሲሮጡ አንዳንድ ቀይ ይዘዋል። ፊት የሚሮጥ ሰው መዝገቡ ንጹሕ ቢሆን ምን ይገርማል። ወንዳፍራሽ ደግሞ ለሚያዝያው ዓለም አቀፍ ውድድር ከታጩት አምስት ሰዎች አንዱ ነበር፣ ዝርዝሩም ከታኅሣሡ ልኬት በኋላ በሁለተኛው ቀን ይወጣል። አንዲት ቀይ ያለችበት ሰው ዝርዝሩ ላይ አይገባም።

«ታንጉትን ፊት እናድርጋትና ይብቃን» አለ ኬብሮን። «አረንጓዴ ታገኛለች፣ ማንም አይጎዳም።»

«ሁለቱ ቀይስ? እስከ ዓመቱ መጨረሻ አብረዋት ናቸው። አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዛት አለቀላት። ደሞ ዘጠነኛ ማን ሊሆን ነው?»

ዘጠኝ ሰው በተሰለፈበት ሁልጊዜም ዘጠነኛ አለ።

ለወንዳፍራሽ ልንገረው አልንገረው እያልኩ ሁለት ቀን አሳለፍኩ። ሰውን ተነስተህ ዕድሜህን ሙሉ የለፋህበትን ጣል ማለት በምን አንደበት ይባላል? በሦስተኛው ቀን ራሱ መጣ። ፋሻዎቹ ጠረጴዛዬ ላይ ደርቀው ተቀምጠው ነበር።

«ይሄ የመጨረሻው የማነው?» አለኝ።

«የታንጉት።»

አነሳው፣ ገለበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው። «እኔ ነኝ እኮ ኋላ ያደረግኳት።»

«ለደግ ብለህ ነው ያደረግከው።»

«ለደግ ይሁን ለክፉ፣ ሳንባዋ ምን አገባው» አለ። ከዚያ ስለ መመሪያው ጠየቀኝ፤ ከኬብሮን ጭላንጭሉን ሰምቷል። ሁሉንም ነገርኩት፣ አንድም አላስቀረሁም።

«ኋላ ሮጬ ካልቀላሁስ?»

«የአንተ ሳንባ ጠንካራ፣ የእሷ ደካማ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲያ የሚሰማን የለም።»

«ከቀላሁስ?»

«ዝርዝሩ ላይ የለህም።»

ጫማውን ፈትቶ እንደገና አሰረው። ማሰሪያው አልላላም ነበር። «ታንጉት እንዳትሰማ» አለኝ። «ከሰማች አትሮጥም።»

በልኬቱ ሐሙስ ጠዋት ባንዲራው ቡኒ ነበር። ዘጠኙም ነፍተው ገቡ። ኬብሮን ዛሬ ፍጥነት የምትይዢው አንቺ ነሽ ብሎ ታንጉትን ፊት አቆማት። «ነፋሱስ?» ስትለው ሰማሁ። «ዛሬ ቻይው» አላት። ወንዳፍራሽ ወደ ኋላ ሲሄድ ሲሄድ መጨረሻ ደረሰ። ከዚያ በመስታወቱ ተለጥፌ አርባ ደቂቃ አየኋቸው። ታንጉት መጀመሪያ ላይ አንገቷን ደፍታ ነበር፣ ነፋሱ የሚመታት መስሏት። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ቀና አለች። ወንዳፍራሽ ከኋላ እግር ይዞ ይሮጣል፣ ስምንት ተረከዝ ከፊቱ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ጊዜ የማስበው ስለ ታንጉት አልነበረም፣ ስለ ወንዳፍራሽም አልነበረም። ለወንዳፍራሽ አረንጓዴ ቢወጣ እሷ ትጠፋለች፣ ቀይ ቢወጣ እሱ፤ ይህን አውቃለሁ፣ ሆዴም ይባባል። ከሆዴ በላይ ግን ማወቅ ፈልጌ ነበር። ቁጥሩ ስንት ይሆን እያልኩ ልቤ ይመታል። አፈርኩ፣ ግን ከመስታወቱ አልተነሳሁም።

ወጥተው በተራ ተቀመጡ። ስምንት ደቂቃ ሲሞላ ታንጉት ነፋች፤ የቀነሰው ሦስት በመቶ፣ አረንጓዴ። መብራቱን አየችው፣ ዞር ብላ እንደገና አየችው። ሁለተኛው ነፋ፣ ሦስተኛው ነፋ። እነሱን ሳስነፋ ጆሮዬ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበር። ወንዳፍራሽ ጉሮሮውን ጠረገ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ከዚያ ሲያስል ኬብሮን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስምንተኛው ሰው ዘጠኝ በመቶ ቀነሰ፣ ለጥቂት አረንጓዴ።

ወንዳፍራሽ መጥቶ ፊቴ ቁጭ አለ። መመሪያው ሦስት ጊዜ አስነፍተሽ የተሻለውን ያዢ ይላል። የመጀመሪያው አሥራ አምስት ቀነሰ። ሁለተኛው አሥራ ሦስት። ሦስተኛውን ሲነፋ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ደረቱ ሲያፏጭ ከቱቦው በላይ ይሰማል። አሥራ ስድስት። የተሻለው አሥራ ሦስት ነው። መብራቱ ቀላ።

«ይጫኑት፣ እትዬ» አለኝ።

ተጫንኩት። በመዝገቡ ማሳያ ላይ ከታንጉት ስም ጎን የነበሩት ሁለት ቀይ ነጥቦች ጠፉ፤ ከወንዳፍራሽ ስም ጎን አንዲት ወጣች። ወዲያው ውስጠኛው በር ከኋላችን ራሱን ቆለፈ፣ ወለሉ እስኪመረመር ማንም እንዳይገባ የሚል ጽሑፍም በሩ ላይ በራ። ኬብሮን ሐኪሙን ሊጠራ ሮጠ።

ታንጉት ነጥቦቹን አየች፣ መብራቱን አየች፣ እኔን አየች። ሁሉም ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። «ምን አደረጋችሁ?» አለች። ይህን ያህል ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ፓፏን ከኪሷ አወጣች፣ ከዚያ መልሳ ከተተችው፤ የሌላ ሰው ፓፍ የወሰደ ሯጭ በሌላ አንቀጽ ይታገዳል። ሄዳ ፊቱ ተንበረከከች።

«ትከሻህን ጣለው» አለችው። «ለመሳብ አትታገል፣ መሳቡ በራሱ ይመጣል። ማውጣቱን ብቻ አስብ። ከንፈርህን እንደ ማፏጨት አድርግና ቀስ ብለህ አውጣ።»

አደረገ። አልሆነለትም። እንደገና አደረገ።

«ሁልጊዜ… እንዲህ ነበርሽ?» አላት።

«በየቀኑ።»

«አራት ወር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም? እዚያ ኋላ ታፈንኩ አይባልም?»

ታንጉት እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ትንፋሹን እየጠበቀች ነበር። «አንተ ፊት ሆነህ ነፋሱን እየቻልክልኝ» አለች፣ «ታፈንኩ ብዬ መናገር አሳፈረኝ።»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ፣ ሳሉ ቀደመው።

«አትናገር» አለችው። «አውጣ።»